ስለ ዕቃ መግዘፍና ስለ ሠሪው ማነስ

ሰው ለሚያከብረው ነገር ሐውልት ያቆማል፤ ሐውልቱንም ከራሱ ቁመት ከፍ አድርጎ ይሠራዋል። ይህ ልማድ በሀገራችን ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የታወቀ ስለ ሆነ ማንም አይደነቅበትም። ለንጉሥ፥ ለጀግና ወይም ለሰማዕት የቆመ ድንጋይ ትርጉሙ ግልጥ ነው፤ የሚያየውም ሁሉ ስለ ማን እንደ ቆመ ሳይነገረው ያውቃል። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ሐውልት መጥቶአል። ቡና በሚበቅልባቸው በደቡብ ምዕራብ ከተሞቻችን በኩል የሚያልፍ መንገደኛ፥ በአደባባይ መካከል ከሲሚንቶ የተሠራ፥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጀበና ቆሞ፥ ስኒውም እንደ ገንዳ ሰፍቶ ያያል። ጀበና ጠላት ድል አልነሣም፤ ስለ ሃይማኖቱም አልሞተም። ጧት ተጥዶ፥ ከአቦል እስከ በረካ ቀድቶ፥ ታጥቦ በማቶቱ ላይ የሚቀመጥ የቤት ዕቃ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ዕቃ አግዝፈን በአደባባይ ስናቆመው የምናከብረው ማንን ነው? ዕቃውን ነውን? ከዕቃው የሚጠጣውን ነውን? ወይስ ዕቃውን የሠራውን እጅ?

ጥያቄው የሥራ ፈት ሰው ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ጥቂት ገፋ አድርገን ብንመረምረው ስለ ሰው ክብር ያለንን አሳብ እስከ ሥሩ የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው፥ አንባቢያችን ጥቂት ታግሦ አብሮን እንዲመለከተው እንለምናለን።

ተራ ዕቃን በማግዘፍና በማሳነስ ጥበብ ስማቸው ከሚጠራው ሕዝቦች መካከል ጃፓኖች ይገኛሉ። ያዮይ ኩሳማ የሚባሉት ሠዓሊና ቀራፂ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም የውጭ ሀገር ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማትሱሞቶ በምትባል ከተማ የተወለዱ ናቸው፤ ቤተ ሰባቸውም ዘርና ችግኝ በመሸጥ ይተዳደር ነበር። እኒህ ሴት በ1994 ናኦሺማ በምትባል ደሴት፥ ወደ ባሕር ገባ ባለ የጀልባ መቆሚያ ጫፍ ላይ፥ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ትልቅ ቢጫ ዱባ አስቀመጡ። በ2021 ዐውሎ ነፋስ ከቦታው ነቅሎ ወደ ባሕር ስለ ጣለው ዱባው ተሰባበረ፤ በ2022 እንደ ገና ተሠርቶ በነበረበት ቦታ ቆመ። ዱባ ለማየት ሰው ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል ቢባል የጎጃም ገበሬ መሳቁ አይቀርም። እኛ ዘንድ ዱባ በክረምት በጓሮ አጥር ላይ ሐረጉን ጥሎ የሚያድግ ነገር ነው፤ በምሳሌም ቢነሣ «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ተብሎ ነው እንጂ ከዚህ የበለጠ ክብር አልተሰጠውም።

በቶኪዮም በታላቁ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ግቢ ግማሽ ጥርሱ መሬት ውስጥ የገባ የሚመስል እጅግ ትልቅ መጋዝ ቆሞአል። ይህን በ1996 ያቆሙት ጃፓኖች አይደሉም፤ ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ክላስ ኦልደንበርግና ባለቤቱ ኮሺ ቫን ብሩገን ናቸው። አናጢው ጥሎት የሄደ መስሎ ይታያል፤ የአናጢውን ቁመት ግን ተመልካቹ በአሳቡ ይለካዋል።

ከእነዚህ ይልቅ እኛን የሳበን የታካሂሮ ኢዋሳኪ ሥራ ነው። ይህ ሰው በ1975 በሂሮሺማ ተወለደ፤ ማለት የአቶሚክ ቦምብ ከወደቀባት ከሠላሳ ዓመት በኋላ። የሚሠራውም በፎጣ፥ በጥርስ ብሩሽና ይህን በመሰለ የቤት ዕቃ ነው። አንድ ተራ ፎጣ አጣጥፎ ወለል ላይ ያኖራል፤ ከፎጣው ክር እየመዘዘም ጣት የማያህሉ የኤሌክትሪክ ማማዎች ያቆማል። ፎጣው በዚያን ጊዜ ተራራ ይሆናል። ተመልካቹ ከሩቅ ቆሞ ሲያየው የተረሳ ፎጣ ብቻ ነው የሚያየው፤ ማማዎቹን ለማየት ጎንበስ ማለት፥ አንዳንድ ጊዜም መንበርከክ ያስፈልገዋል። በ2017 በቬኒስ በተደረገው ዓለም አቀፍ የጥበብ ትርኢት ጃፓንን ወክሎ በቀረበ ጊዜ ደግሞ ተመልካቹ ከሥር በመሰላል ወጥቶ ራሱን በወለሉ ቀዳዳ ብቅ እንዲያደርግ አደረገው፤ እንግዲህ ላዩ ቤት ያሉት ሰዎች ከትንንሾቹ ተራሮች መካከል የበቀለ የሰው ራስ ያያሉ ማለት ነው። ተመልካች ራሱ የሚታይ ነገር ሆነ።

አንባቢያችን «ይህ ሁሉ የጠገበ ሀገር ጨዋታ ነው፤ ለእኛ እንግዳ ነው» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንግዳ ነው ብለን አናምንም። የአክሱምን ትልቁን ሐውልት እንመልከት። ርዝመቱ 33 ሜትር፥ ክብደቱም 520 ቶን ያህል እንደሚሆን ተገምቶአል፤ ዛሬ ወድቆ፥ ተሰባብሮ ተጋድሞአል፤ ሊቃውንትም ሲያቆሙት ሳለ ወይም ከቆመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ እንደ ወደቀ ይገምታሉ። በዚህ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ምንድን ነው? አንበሳ አይደለም፤ ሰይፍም አይደለም። ቤት ነው። ከግርጌው በር አለ፤ ከበሩ በላይ መስኮቶች በየደርቡ ተሰልፈዋል፤ በግንብ ውስጥ የሚገቡት የእንጨት አግዳሚዎች ጫፍ እንኳ ክብ ክብ ሆኖ ወጥቶአል። ደርቦቹ ሲቆጠሩ 13 ናቸው። ጠራቢው ሰው የሚኖርበትን ቤት ወስዶ፥ ሰው የማይኖርበት እስኪሆን ድረስ አግዝፎ፥ በመቃብር ላይ አቆመው። በሩ በር ነው፤ ግን አይከፈትም። ይህም ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን በሞት ፊት የተጫወቱት ጨዋታ ነው።

ሁለተኛው ሐውልት፥ 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው፥ በ1937 በፋሺስት ኢጣልያ ተወስዶ ሮማ ቆመ፤ በ1997 ዓ. ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ ሀገሩ ተመለሰ፤ በ2000 ዓ. ም. ደግሞ በጥንት ቦታው ተተከለ። ስለ መወሰዱና ስለ መመለሱ ብዙ ስለ ተጻፈ እኛ አንደግመውም። የምናነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። የንጉሥ ኢዛና ስም በዚያው በአክሱም በግዕዝ፥ በሳባና በግሪክ ፊደል በድንጋይ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። መሮ ይዞ ያንን በር የጠረበው፥ የመስኮቱን ልክ ለክቶ ያወጣው ሰው ስም ግን በአንድም ፊደል አልተጻፈም። ድንጋዩ በገዘፈ መጠን ሰውዬው አነሰ።

እዚህ ላይ የትልቅነትንና የትንሽነትን ጠባይ ለይተን ማየት ይገባናል። ትልቅ ነገር አንገት ያስቀናል፤ ትንሽ ነገር ጎንበስ ያሰኛል። በእኛ ባህል ደግሞ አንገትን ማቅናት የኩራት፥ ጎንበስ ማለት የአክብሮት ምልክት መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ታዲያ አንድን ዕቃ ለማክበር ስንል አግዝፈን ስናቆመው፥ ተመልካቹ ለዕቃው እጅ እንዳይነሣ፥ ቀና ብሎ አይቶ እንዲያልፍ እያደረግነው አይደለምን? ይህ አስተያየታችን ሁልጊዜ ይሠራል አንልም። በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ለማየት የሄደ ሰው በመጀመሪያ ከጣሪያው በላይ ቆሞ በእግሩ ሥር መስቀል የተቀረጸበት ሰሌዳ የመሰለ ነገር ያያል፤ ከዚያም በጠባቡ መተላለፊያ ወርዶ ከግርጌው ሲደርስ ያው ሰሌዳ ከራሱ በላይ ወደ ሰማይ ወጥቶ ያገኘዋል። ትልቁን አሳንሶ፥ ያነሰውን መልሶ የሚያገዝፍ እንዲህ ያለ ሥራ ሌላ ቦታ መኖሩን አናውቅም፤ በዚያ ላይ ሰው ለማየት መውረድ አለበት።

የጃፓኖቹ ትምህርት ከዚህ ጋር የሚገጥመው በሻይ ሥርዓታቸው ነው። ከ1522 እስከ 1591 የኖረው ሴን ኖ ሪክዩ የሻይ ሥርዓትን ያቋቋመ ታላቅ መምህር ነበር። ጌታው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ሻይ የሚጠጣበትን ክፍል በወርቅ አስለብጦ አሠራ፤ ሪክዩ ግን ሁለት ምንጣፍ ብቻ የምታነጥፍ ጠባብ የጭቃ ክፍል ሠራ፤ ለመግቢያዋም መንበርከክ ግድ የሚል ዝቅተኛ በር አወጣላት። በዚያ በር የሚገባ መኰንን ሰይፉን ከውጭ ትቶ፥ እንደ ማንኛውም ሰው በጉልበቱ ድሆ መግባት ነበረበት። ሪክዩ ለዚህ ቤት የሚሆን ጽዋ ሲፈልግ የሄደው ወደ ወርቅ አንጥረኛ አይደለም። የጣራ ሸክላ ወደሚሠራ ቾጂሮ ወደሚባል ሰው ሄደ። ቾጂሮ ጽዋውን በመንኰራኵር ሳያዞር በእጁ እየዳበሰ አበጀው። የቾጂሮ ቤት ራኩ ተብሎ እስከ ዛሬ ድረስ 16 ትውልድ ቆጥሮ በዚያው ሙያ ይኖራል፤ የመጀመሪያው ሸክላ ሠሪ ስምም ከጌቶቹ ስም ጋር አብሮ ይጠራል። ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ ጃፓኖች በ1950 ባወጡት ሕግ መሠረት ሙያ ያላቸውን ሰዎች ራሳቸውን፥ ዕቃቸውን ብቻ ሳይሆን፥ የሀገር ቅርስ እያሉ መሾም ጀመሩ፤ በ1955 ከተሾሙት መጀመሪያዎች አንዱ ሾጂ ሃማዳ ሸክላ ሠሪ ነበር።

ጃፓንን እንዲህ ስናመሰግን ነውሯን አንደብቅም። ቆዳ የሚፍቁትንና ከብት የሚያርዱትን ለብዙ መቶ ዓመታት ርኩስ ብላ ከመንደር አግልላ ኖራለች፤ ልዩነቱን በአዋጅ የሻረችው በ1871 ነው፤ በአዋጅ የተሻረውም ከልብ ለመሻር ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። የእኛ አባቶች ወደ ጃፓን ሲመለከቱ የተመለከቱት ሌላ ነገር ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ. ም. ተልከው ሄደው ያዩትን ጻፉ፤ ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ. ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። የሁለቱም አሳብ ሀገራችን እንዴት ትሠልጥን የሚል ነበር፤ መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን ሰው ስለ ጃፓን ሥልጣኔ ሲናገር ስለ ፋብሪካውና ስለ መርከቡ እንጂ ስለ ሸክላ ጽዋው ብዙ አይናገርም፤ እኛ እንደሚመስለን ግን ፋብሪካውን የሠራው ሕዝብ ያው ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ የሚያይ ሕዝብ ነው።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ጀበና በጎጃም እንዴት እንደሚሠራ ብዙ የተማረ ሰው አያውቅም፤ ቡናውን ግን በየቀኑ ይጠጣል። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከሚገኝበት ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣለች። ታደርቀዋለች፥ ትወቅጠዋለች፥ ትነፋዋለች፤ እንዳይሰነጠቅም የተሰበረ ሸክላ ገል ፈጭታ ትቀላቅልበታለች። እንግዲህ አዲሱ ጀበና በሆዱ ውስጥ የአሮጌውን ጀበና ትቢያ ይዞ ይወለዳል ማለት ነው። መንኰራኵር የላትም፤ እንደ ቾጂሮ በእጅዋ ብቻ ታበጀዋለች። ጭቃው ጠንከር ሲል በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች፤ ጥላ ላይ ታደርቀዋለች፤ በመጨረሻም በሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ከምራ ታነድበታለች። በዚያ እሳት ውስጥ የስንት ቀን ድካም በአንድ ጊዜ ተሰንጥቆ ሊቀር ይችላል፤ ነፋስ ቢነሣ፥ አንዱ ቢርስ፥ ጭቃው ውስጥ ጠጠር ቢቀር። የተረፈውን በገለባ ጠቅልላ ገበያ ትወጣለች።

በገበያ ሸክላ ተራ መሬት ላይ ነው። ገዢው ከላይ ቆሞ ጀበናውን አንሥቶ በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ አልተሰነጠቀም። ይህ ማንኳኳት ብልህነት ነው፤ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ጀበናውን ጣቱ እስኪያመው የሚያንኳኳው ሰው ሠሪዋን በዓይኑ ማየት ይፈራ ነበር። «ቡዳ ናት፤ ሌሊት ጅብ ትሆናለች፤ በዓይንዋ ትበላለች» ይል ነበርና። ይህ ወሬ በሸክላ ሠሪ ብቻ አልቆመም፤ በብረት ቀጥቃጩ፥ በሸማኔው፥ በቆዳ ፋቂውም ላይ ነበር። ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር፥ አብሮ መብላት አደጋ ተብሎ ስንት ዘመን አለፈ። «ነበር» ማለታችን ነገሩ ፈጽሞ ጠፍቶአል ለማለት አይደለም፤ ቀድሞ በአደባባይ ይባል የነበረው ዛሬ በሹክሹክታ ስለሚባል ነው።

የሚያስገርመው፥ ይህ የሆነው ስለ ምሳሌና ስለ ምስጢር ከሁሉ የበለጠ በሚጠበብ ሀገር ነው። ጎጃም የቅኔ ሀገር ናት፤ ዲማን፥ ዋሸራን፥ ጎንጅን የማያውቅ የቤተ ክህነት ሰው የለም። የቅኔ መምህር አንድን ተራ ነገር፥ ምጣድን ወይም ወናፍን ወይም የዝናብ ጠብታን፥ አንሥቶ ሰም ያደርገዋል፤ በውስጡም ወርቅ ያኖርበታል። ጃፓናዊው በፎጣ ክር ያደረገውን ቅኔ ተማሪው በቃል ያደርገዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። ትንሹ ነገር ትልቁን ይሸከማል፤ አድማጩም ወርቁን ለማግኘት አሳቡን ጎንበስ ማድረግ አለበት።

«ሰምና ወርቅ» የሚለው ቃል ራሱ ግን ከወዴት መጣ? ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው መስቀል ወይም ቀለበት ሊሠራ ሲፈልግ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቀረው ባዶ ቦታ የቀለጠውን ወርቅ ያፈሳል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይገኛል። ሊቃውንታችን የጥበባቸውን ሁሉ ከፍተኛ ስም የወሰዱት በከሰልና በወናፍ መካከል ከሚኖረው ሰው ሥራ ነው። ቃሉን ወደ ማኅሌት አስገቡት፤ አንጥረኛውን ግን ብዙ ጊዜ ከደጅ አቆሙት። ጭቃውንማ ማንም በቅኔ ስም አልጠራውም። ሰምና ወርቅ እንላለን እንጂ ሰምና ጭቃና ወርቅ አላልንም፤ ጭቃው ባይኖር ግን ወርቁ በምን ውስጥ ይፈስስ ነበር?

ስለዚህ ነገር መንግሥት ዝም አላለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚሠራው፥ ሸማ የሚሠራው፥ እንጨትና ሸክላ የሚሠራው ሁሉ ሀገር የሚያቀና ሳለ መናቁ ሀገርን እንደሚያደኸይ አስተውለው ነበር። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችን አዋጅን እናከብራለን፤ የአዋጅንም ዳርቻ እናውቃለን። አዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ዓይንን ግን አይገልጥም። ሰው ጎረቤቱን በሌላ ዓይን እንዲያየው የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያም ሌላ ነገር አንዱ ጥበብ ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ትልቁ ጀበና ያሳዘነን በዚህ ምክንያት ነው። ሰውን ወደ ሠሪዋ የሚመራ መንገድ ሊሆን ሲችል፥ «ቡና አለን» ብሎ ዝም አለ። ከዚህም በላይ ጀበናው ከሸክላ አልተሠራም፤ ከብረትና ከሲሚንቶ ነው፤ ሥራውም የተሰጠው ለግንበኛ እንጂ ለሸክላ ሠሪ አይደለም። በምስሉ እንኳ እጅዋ አልገባበትም።

በዚህ ላይ የሚቃወመን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን፤ ምናልባትም ከእኛ ይልቅ እርሱ የሕዝቡን ልብ ያውቅ ይሆናል። «ወንድሞች ሆይ፥ አንድ ከተማ ለመንገደኛ ፈገግታ ብላ ያቆመችውን ጀበና የፍርድ ሸንጎ አታቁሙት። ልጆች አይተውት ይስቃሉ፤ ሙሽሮች በፊቱ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ይበቃል» ይለናል። ስለ ሣቅ የተናገረው እውነት ነው። ዕቃ ከልኩ ሲወጣ የሚያመጣው ሣቅ ክፉ ሣቅ አይደለም፤ ማንንም አያዋርድም። እንዲያውም ከጀበናው ሥር የቆመ ትልቅ ሰው ለአንድ አፍታ ሕፃን ሆኖ በእናቱ ቡና አጠገብ ዳዴ ሲል የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል፤ ያን ጊዜ ጀበና በእውነት ትልቅ ነበር። ዕቃን ማግዘፍ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ያለው አይመስለንም፤ ይህንንም ለተቃዋሚያችን በደስታ እንለቅለታለን። ይበቃል ባለው ግን አንስማማም። የናኦሺማው ዱባ የኩሳማ ነው፤ ሰውም ዱባውን ሲያይ እርሳቸውንና የልጅነታቸውን የችግኝ ማሳ ያስባል። የእኛ ጀበና የማን ነው?

በቅርቡ ዘመን ከገዛ ወገኖቻችን መካከል ለዚህ ጥያቄ በሥራ መልስ የሰጠ ሰው አለ ብለን እናምናለን። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ በ1968 በአዲስ አበባ ተወልዶ፥ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1990 ወጥቶአል። ሥራውን የሚሠራው ሰው ከጣለው ነገር ነው፤ ከልብስ ቁልፍ፥ ከጠርሙስ ክዳን፥ ከክር፥ ከጭቃና ከጭድ፥ በኋላም ከአሮጌ ኮምፒዩተር ሆድ ዕቃና ከኤሌክትሪክ ሽቦ። እነዚህን ከመርካቶ ይሰበስባቸዋል። ሽቦውን ሸማኔ ጥለት እንደሚጥል እየጠለፈ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ያሰፍረዋል። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን ቁልቁል የሚያዩት ማሳና ወንዝ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት አንዱ ጉብታ የጽሕፈት ቁልፍ፥ ወንዙም ቀይ ሽቦ ሆኖ ይገኛል። የሰውየው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። አላገዘፈም፤ አላሳነሰምም፤ ዕቃውን በልኩ ትቶ ተመልካቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አስኬደው። ቀርቦ ያየም ሰው ያን ሽቦ የነካውን እጅ ሁሉ ለማሰብ ይገደዳል፤ የሠራውን፥ የተጠቀመበትን፥ «ቁራሌው» እያለ በየሰፈሩ ዞሮ የሰበሰበውን። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በ2019 በአዲስ አበባ የከፈተው ዞማ ቤተ መዘክር ደግሞ ግድግዳው በጥንቱ የጭቃና የጭድ አሠራር የተሠራ ነው። በሀገራችን ጭቃ ቤት የድሀ ቤት መባሉን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2022 ሥራው በቬኒስ ትርኢት ቀርቦ ሲታይ፥ የመርካቶ ቁርጥራጭ ቬኒስ ደረሰ ማለት ነው።

ስለ ደብረ ማርቆስም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ጥንት መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማችን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ነበረች፤ ቤተ መንግሥታቸውም፥ የቅዱስ ማርቆስም ቤተ ክርስቲያን ትልቅነት ምን እንደ ሆነ ለማሳየት ይበቃሉ። ዛሬ ከተሞች ሁሉ አደባባያቸውን ማስጌጥ ይወዳሉና፥ አንድ ቀን በእኛም አደባባይ ከተራ ዕቃ አንዱ ገዝፎ ይቁም የሚል አሳብ ቢመጣ አይገርመንም። ጎጃም የጤፍ ሀገር ስለ ሆነች የሚመረጠው ማረሻ ሳይሆን አይቀርም፤ ሞፈርና ቀንበር፥ ድግርና እርፍ ያለው ሙሉ ማረሻ። እኛ አንቃወምም፤ እንዲያውም እንደግፋለን። ሐውልቱን የሚያየው ገበሬ ደስ ይለዋል፤ ደስ ሊለውም ይገባል። ነገር ግን ማረሻውን አንድ በአንድ ፈትተን እንየው። ሞፈሩንና ቀንበሩን ገበሬው ራሱ ወይም ጎረቤቱ ጠርቦታል። የማረሻውን ብረትና ወገሉን ግን የቀጠቀጠው ቀጥቃጭ ነው፤ ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያሥረውን ምራን ያለፋው ቆዳ ሠራተኛ ነው። ሁለቱ ባይኖሩ በሬዎቹ ባዶ እንጨት ተሸክመው ቆመው ይውሉ ነበር። የገበሬው ልጅ የቀጥቃጩን ልጅ ሊያገባ ቢፈልግ ግን የሽማግሌዎቹ ፊት እንዴት እንደሚጠቁር አንባቢያችን ያውቀዋል።

እንግዲህ ሐውልቱ የሚቆም ከሆነ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ብረቱ ከውጭ በመጣ ማሽን ሳይሆን በዚሁ ሀገር ቀጥቃጭ እጅ እንዲሠራ፤ ይህ ቢከብድ እንኳ ጫፉ ብቻ በእርሱ መዶሻ እንዲመታ። በግርጌው በሚለጠፈው ሰሌዳ ላይ ከመራቂው ባለሥልጣን ስም በፊት የሠሪዎቹ ስም ከነአባታቸው እንዲጻፍ። ሰሌዳውም ከፍ ብሎ ሳይሆን ከጉልበት በታች፥ መሬት አጠገብ እንዲደረግ፤ የሚያነበው ሰው ጎንበስ እንዲል። የምረቃው ቀን ሲወሰን ደግሞ ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች ቀጥቃጩንና ቆዳ ሠራተኛውን በየትኛው ረድፍ እንደሚያስቀምጡአቸው፥ በግብሩም ላይ ከማን ጋር በአንድ መሶብ እንደሚያቀርቡአቸው፥ ከወዲሁ ቢያስቡበት መልካም ነው።